አዞዋን አይቶ መመለስ

ሉሰርን ያለው የስዊዘርላንድ ትራንስፖርት ሙዚየም ውስጥ ካየሁት ሁሉ ልቤን የወሰደችው «አዞ» የሚሏት አሮጌ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ (ባቡር ጎታች) ናት። አፍንጫዋ በፊትም በኋላም ረጅም ነው፣ ነጂው መሃል ይቀመጣል። ሦስቱ ክፍሎቿ በመገጣጠሚያ ስለሚታጠፉ በአልፕስ ተራሮች የሚያልፈውን የጎታርድን ጠመዝማዛ ሐዲድ እንደልቧ ትዞረዋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰል ቢወደድባቸው ስዊሶቹ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ፊታቸውን ወደ ወንዞቻቸው አዙረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ 33 አዞዎች ሠሩ፣ ኋላም 18 የተሻሻሉ ጨመሩ። በጣም የገረመኝ ግን ፍሬኑ ነው፤ ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ከሐዲዱ በላይ ወደተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመልሳል፣ ያውም በዚያ ዘመን! ፍጥነት ላይ ታሳዝናለች፣ መጀመሪያ በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር አታልፍም ነበር። ለጭነት ባቡር ግን ፍጥነት ምን ያደርጋል? ሙዚየሙ ሰፊ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያዙለት። ጫማም የሚመች አድርጉ።