«ሴፍ» ባለብዙ ፊርማ ዋሌት፦ ካዝናው ጠንካራ፣ መስኮቱ ደካማ

እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ «ኖሲስ ሴፍ» ይባል የነበረው «ሴፍ» ያልተማከለ ፋይናንስ ፕሮቶኮሎች (ያለ ባንክ በብሎክቼይን ላይ የሚሠሩ የገንዘብ አገልግሎቶች) የጋራ ገንዘባቸውን በብዛት ከሚያስቀምጡባቸው ዋሌቶች (የክሪፕቶ ገንዘብ ማስቀመጫዎች) አንዱ ነው። ገንዘቡ በአንድ ሰው ቁልፍ ሥር ሳይሆን በስማርት ኮንትራት (በብሎክቼይን ላይ ራሱ በሚፈጸም ፕሮግራም) ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ለምሳሌ ከአምስት ፈራሚዎች ሦስቱ እንዲፈርሙ ከተወሰነ፣ ሦስቱ ሳይስማሙ ምንም አይወጣም፤ ቁልፉ የተሰረቀበትን ፈራሚም የቀሩት በፊርማቸው ይተኩታል። በዚህ በኩል የምነቅፈው የለኝም።

ሆኖም የፊርማ ብዛት ዋጋ የሚኖረው ቁልፎቹ በእርግጥ በተለያዩ እጆች ሲሆኑ ነው። በመጋቢት 2022 ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተዘረፈው የሮኒን ድልድይ (ክሪፕቶን ከአንድ ብሎክቼይን ወደ ሌላ የሚያሻግር አገልግሎት) ከዘጠኝ አረጋጋጮች (ግብይት የሚያጸድቁ ኮምፒውተሮች) የአምስቱን ፊርማ ይጠይቅ ነበር፤ ነገር ግን አራቱን ቁልፎች የያዘው አንድ ድርጅት ነበር። ይህ የሴፍ ስህተት አልነበረም፤ ሴፍን የሚጠቀም ቡድን ግን ያንኑ ስህተት ከመድገም የሚያግደው ነገር የለም።

የሴፍ የራሱ ድክመት የታየው በየካቲት 2025 ሴፍን ይጠቀም የነበረው የክሪፕቶ መገበያያ ባይቢት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ባጣበት ጊዜ ነው። ዘራፊዎቹ የሴፍን አንድ ገንቢ ኮምፒውተር ሰብረው በመግባት የድረ ገጹን ኮድ ለወጡ፤ ፈራሚዎቹ በገጹ ላይ የተለመደ ዝውውር እያዩ፣ የፈረሙት ግን የዋሌቱን አሠራር ለሌባ አሳልፎ የሚሰጥ ትእዛዝ ነበር። ስማርት ኮንትራቱ አልተሰበረም፤ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጸመ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ሴፍን የምመክረው እያንዳንዱ ፈራሚ በየራሱ ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፉን ከኢንተርኔት ውጭ በሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) ለሚፈርም፣ የግብይቱን ሃሽ (ይዘቱን የሚለይ አጭር ኮድ) ከድረ ገጹ ውጭ በሌላ ኮምፒውተር አስልቶ በመሣሪያው ስክሪን ላይ ከሚታየው ጋር ለሚያመሳክር፣ «ዴሊጌት ኮል» የሚል ትእዛዝ (የሌላ ኮንትራት ኮድ በዋሌቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ) ሲመጣም ምንነቱ እስኪጣራ ድረስ ፊርማውን ለሚይዝ ቡድን ነው። ይህ አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ በችኮላ ጊዜ ቀድሞ የሚዘለለውም ይኸው ማመሳከር ነው። በትልልቅ ወጪዎች ላይ የመዘግየት ጊዜ የሚጥል ተጨማሪ ሞጁል ማከልም ስህተቱን ገንዘቡ ሳይወጣ ለማየት ፋታ ይሰጣል። ለብቻው ጥቂት ገንዘብ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን አንድ ሃርድዌር ዋሌት ይበቃዋል፤ በሴፍ በኩል የሚያልፍ ግብይት ከተራ ዋሌት ይልቅ ከፍ ያለ የኔትወርክ ክፍያ ያስከፍላልና።