ካስገቡ በኋላ ያሉት ወራት፦ የኮመን አፕ እና የኮሌጅ ፖርታሎች ግምገማ

ኮመን አፕ ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ ማመልከቻ ለመላክ የተሠራ ድረ ገጽ ነው፤ መልስ ለመጠበቅ አይሆንም። ብዙ ተማሪ ግን «ሰብሚት» ብሎ አረንጓዴዋን ምልክት ካየ በኋላ ለወራት እዚያው ገጽ ላይ ይመላለሳል። ኮሌጆች ውሳኔያቸውን በኮመን አፕ አያሳውቁም፤ የጎደለ ሰነድ ቢኖርም እዚያ ላይ አይናገሩም። ማመልከቻው ከሄደባት ቅጽበት ጀምሮ ጉዳዩ ሁሉ የሚያልቀው እያንዳንዱ ኮሌጅ ለአመልካቹ በሚከፍትለት ፖርታል፣ ማለትም የግል ገጽ፣ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው በዋናነት ፖርታሎቹን ነው፦ ምኑን በደንብ ይሠራሉ፣ የቱ ጋ ያሳስታሉ፣ በመጠበቂያው ወራትስ እንዴት ቢያዙ ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮመን አፕን በአጭሩ እንለፈው። በ1975 በ15 ኮሌጆች ተጀምሮ ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ አንድ ተማሪ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ ያመለክትበታል። ካስገቡ በኋላ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው፦ የመምህራንና የካውንስለር (የትምህርት ቤት አማካሪ) ደብዳቤ መላኩን ለማየት፣ እና የተላከውን ማመልከቻ በፒዲኤፍ ለማውረድ። ፒዲኤፉን ወዲያው አስቀምጡት፤ ለቃለ መጠይቅ ብትጠሩ የጻፋችሁትን አንብባችሁ መግባት አለባችሁ። ኤምአይቲ እና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች የራሳቸው ማመልከቻ ስላላቸው በኮመን አፕ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም።

ወደ ፖርታሎቹ እንምጣ። ከአንድ ሺህ በላይ ተቋማት «ስሌት» (Slate) የተባለውን የቴክኖሉሽንስ ኩባንያ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። የብዙ ኮሌጅ ፖርታል አርማውና ቀለሙ እየተለያየ አሠራሩ አንድ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ከላይ የአመልካቹ ስም፣ ከሥሩ የሚፈለጉ ሰነዶች ዝርዝር፣ በየሰነዱ አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ወይም ቀይ ኤክስ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ፋይል መጫኛ። አንዱን በደንብ የለመደ ሌላው አይከብደውም።

ችግር የሚበዛው ገና ሲከፈት ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ኮሌጁ ሊንክና ጊዜያዊ ፒን በኢሜይል ይልካል። ኢሜይሉ ብዙ ጊዜ ስፓም ወይም ፕሮሞሽንስ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ በሳምንት ውስጥ ካልታየ በኮሌጁ ስም መፈለግ ነው። በትምህርት ቤት ኢሜይል ያመለከተ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከውጭ የሚመጣ ኢሜይል ያግዳሉ፣ ተማሪው ሲመረቅም አድራሻውን ይዘጋሉ። የዌይትሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ጥሪ የሚመጣው ግን ልክ በዚያን ሰሞን ነው። ከመጀመሪያው በግል ኢሜይል ማመልከት፣ አስቀድሞ በትምህርት ቤት ኢሜይል ከተመለከተም በየፖርታሉ አድራሻውን መቀየር ያስፈልጋል።

ፒኑ የሚሠራው ከትውልድ ቀን ጋር ነው። አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ 7 ማርች ለማለት 3 ከዚያ 7 ይጻፋል። የኢትዮጵያ ሰነድ ያለው ተማሪ ደግሞ አንዱ ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጆች የተጻፈ የትውልድ ቀን ሊኖረው ይችላል። ሁልጊዜ መግባት ያለበት በፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። ስምም እንደዚሁ። የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ ከትራንስክሪፕት ወደ ፓስፖርት በአንድ ፊደል ቢለያይ፣ ወይም የኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) ምዝገባ ላይ የአባት ስም፣ ማመልከቻው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቢሞላ፣ ሲስተሙ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይቆጥራቸዋል። ውጤቱ ተልኮ፣ ኮሌጁ ደርሶ፣ ፖርታሉ ግን «አልደረሰም» ይላል። መፍትሔው ሰነዱን ደግሞ መላክ አይደለም፤ ለአድሚሽን (የቅበላ) ቢሮው አጭር ኢሜይል ጽፎ ሁለቱን የስም አጻጻፎች፣ የትውልድ ቀኑንና የማመልከቻ ቁጥሩን በአንድ ላይ መስጠት ነው። ሠራተኛው ሁለቱን ፋይሎች ያዋህዳቸዋል።

የፖርታል ጥበቃ ለምን እንደዚህ እንደጠበቀ ለሚጠይቅ፣ በ2002 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ዬል ዩኒቨርሲቲ ውሳኔ በኢንተርኔት ማሳወቅ በጀመረበት ሰሞን መግቢያው ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መለያ) ቁጥር ይጠይቅ ነበር። እነዚህ መረጃዎች በእጃቸው የነበሩ የፕሪንስተን አድሚሽን ሠራተኞች በአመልካቾች ስም ገብተው የዬልን ውሳኔ ሲመለከቱ ተደርሶባቸዋል። ስለዚህ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም፣ ለወኪልም ቢሆን፣ አትስጡ። ገንዘብ ተቀብሎ «ውጤትህን ቀድሜ አይልሃለሁ» ወይም «ከዌይትሊስት አስወጣሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ምንም ነገር የለውም።

አሁን ስለ ቀዩ ኤክስ። የማብቂያው ቀን ባለፈ ማግስት ግማሹ ዝርዝር ቀይ ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ። ሃርቫርድ በ2028 ለሚመረቀው ክፍል 54,008 ማመልከቻ ደርሶታል፤ ለእያንዳንዱ ትራንስክሪፕት፣ የካውንስለር ሪፖርትና ሁለት የመምህር ደብዳቤ ብቻ ቢታሰብ እንኳ ከ200 ሺህ በላይ ሰነድ ነው። ይህ ሁሉ ከየፋይሉ ጋር እስኪያያዝ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ አይገርምም። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ኤክሱ ካልጠፋ መጀመሪያ ኮመን አፕ ላይ ደብዳቤው መላኩን አይታችሁ፣ ከዚያ ካውንስለራችሁን አነጋግሩ፤ ኮሌጁን ቀጥላችሁ። ኮሌጆች በትምህርት ቤቱ በኩል የዘገየ ሰነድ ምክንያት አድርገው ተማሪን አይቀጡም፤ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣሉ።

በዚህ በኩል ፖርታሎች ሊመሰገኑ ይገባል። ትልቁ ድክመታቸው ግን የገንዘብ ድጋፉ ላይ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳውም እዚሁ ጋ ነው። የማመልከቻው ዝርዝር «ኮምፕሊት» ሲል የድጋፍ ማመልከቻው ተሟልቷል ማለት አይደለም። ድጋፉ ብዙ ጊዜ በሌላ ገጽ፣ አንዳንዴም ጭራሽ በሌላ መግቢያ ይከታተሉታል። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለው የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ አሜሪካ ውስጥ ላለና ዓመታዊ ገቢው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰብ ነጻ ነው። ከውጭ የሚያመለክት ተማሪ መክፈል ካልቻለ ለኮሌጁ ጽፎ የነጻ ኮድ ወይም ሌላ ፎርም ይጠይቅ፤ የሚሰጡ አሉ። ግብር ከፋይነት ማስረጃ የሌለው ወላጅ የአሠሪ የደመወዝ ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ያቀርባል። እነዚህ ወረቀቶች ካልተሟሉ ተማሪው ተቀባይነት አግኝቶ የድጋፍ ደብዳቤው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ኮሌጅ ለመወሰን የቀረው ጊዜ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው።

ዝርዝሩ በሁለቱም በኩል አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ፖርታሉ የሚነግራችሁ አዲስ ነገር የለም። ሊነግራችሁም አልተሠራም። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሰቃያል፤ በአመልካቾች ዘንድ የፖርታል ኮከብ ቆጠራ የሚባል ልማድ አለ። አንድ ሊንክ ጠፋ፣ የድጋፍ ገጹ ቅርጹ ተለወጠ፣ አድራሻ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ፤ ይህ ሁሉ እንደ ምልክት ይተረጎማል። የፖርታል ገጽ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ቢሮው ለሁሉም አመልካች አንድ ላይ ሲያስተካክለው ነው። የቀድሞ ተማሪ ቃለ መጠይቅ አለመጠራትም ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በአካባቢው ፈቃደኛ ጠያቂ መኖር አለመኖሩን ነው። በፌብሩዋሪ አካባቢ ለጥቂቶች የሚላከው፣ ተቀባይነት እንደሚያገኙ አስቀድሞ የሚጠቁም ቅድመ ደብዳቤም ተቀባይነት ካገኙት ተማሪዎች ለአብዛኞቹ አይደርስም። ኢሜይልን እንኳ ከፖርታል ደብዳቤ ለይቶ ማየት ይገባል፤ በማርች 2009 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ላልተቀበላቸው 28,000 ገደማ አመልካቾች የእንኳን ደስ አላችሁ ኢሜይል በስህተት ልኮ ይቅርታ ጠይቋል። ውሳኔ የሚባለው ፖርታሉ ላይ ያለው ደብዳቤ ነው።

የሚሠራው ልማድ ቀላል ነው፦ ሰነድ እስኪሟላ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከተሟላ በኋላ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት። ኢሜይሉን በየቀኑ ማየት ግን አይቀርም፤ ኮሌጁ ተጨማሪ ወረቀት ሲጠይቅ ጥቂት ቀን ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በመሃል የሚያስፈልግ አንድ እውነተኛ ሥራ የአጋማሽ ዓመት ውጤት በካውንስለሩ በኩል በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ መላኩን ማረጋገጥ ነው።

ቀኖቹ ይታወቃሉ። ኖቬምበር 1 ላይ የገባ የቅድሚያ ማመልከቻ በዲሴምበር አጋማሽ ይመለሳል፤ የጃንዋሪው መደበኛ ማመልከቻ በማርች። ኤምአይቲ ማርች 14 በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ28 ላይ የማውጣት ልማድ አለው፤ ስምንቱ የአይቪ ሊግ ኮሌጆች በማርች መጨረሻ በአንድ ቀን ያወጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚጠብቅ ይህ የማርቹ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በዲሴምበር ግን አሜሪካ ሰዓቱን ስለሚቀይር 9 ሰዓት ይሆናል። ሌሊቱን መንቃት ግዴታ አይደለም፤ ደብዳቤው ጠዋትም እዚያው አለ። በወጣበት ደቂቃ አሥር ሺዎች አንድ ላይ ስለሚገቡ ገጹ ሊንገዳገድ ይችላል፤ ደጋግሞ ከመጫን አሥር ደቂቃ መተው ይሻላል። አንዳንድ ኮሌጆች ለተቀበሉት ተማሪ ሙዚቃና ቪዲዮ ይከፍታሉ፣ ላልተቀበሉት ጸጥ ያለ ገጽ ነው የሚመጣው። አጠገባችሁ ማን እንዲኖር እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ብቻችሁን መክፈት ከፈለጋችሁ ቤተሰብ ሊያከብርላችሁ ይገባል። ሃርቫርድ ከ54,008ቱ የተቀበለው 1,937 ነው፤ ከመቶ ወደ 96ቱ የማይቀበል መልስ ያያሉ፣ ከነሱም አብዛኛው ትምህርቱን የሚችል ተማሪ ነው።

ዲፈር የተደረገ (የቅድሚያ ማመልከቻው ውሳኔ ወደ መደበኛው ዙር የተላለፈበት) ወይም ዌይትሊስት የገባ ተማሪ ፖርታሉን ደግሞ በሥራ ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ኮሌጁ ተጨማሪ ነገር ይቀበል እንደሆነ ደብዳቤውን አንብቡ፤ አትላኩ የሚሉ አሉ፣ ቃላቸውም ይከበር። የሚቀበል ከሆነ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ፖርታሉ ላይ ይጫናል። ያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በግልጽ ይባል፤ ካልሆነ አይባል። ከዚያ ከማመልከቻው በኋላ የመጡ ሁለት ወይም ሦስት አዳዲስ ነገሮች፦ የአጋማሽ ዓመት ውጤት፣ ሽልማት፣ አዲስ ኃላፊነት። የድሮውን ኤሴይ በሌላ ቃል መድገም፣ ያልተጠየቀ የድጋፍ ደብዳቤ መደርደርና በየሳምንቱ መጻፍ አይጠቅሙም።

ዌይትሊስት ላይ መቆየት እንደምትፈልጉ ፖርታሉ ላይ ምላሽ መስጠት አለባችሁ፤ ዝም ያለ ከዝርዝሩ ይወጣል። ዝርዝሩ በአብዛኛው ቦታ ተራ ቁጥር የለውም። ዕድሉን ለማየት የኮሌጁን ኮመን ዴታ ሴት (ኮሌጁ በየዓመቱ የሚያወጣውን የቁጥር መረጃ) ፈልጉና ክፍል ሲ2ን አንብቡ፤ ስንት ሰው ቦታ ቀረበለት፣ ስንቱ እሺ አለ፣ ስንቱ ገባ የሚለው እዚያ ነው። የሦስት ዓመቱን አስተያዩ፤ አንድም ሰው ያልተወሰደበት ዓመት ልታገኙ ትችላላችሁ። ሃርቫርድን፣ ዬልን፣ ፕሪንስተንን፣ ኤምአይቲን፣ አምኸርስትንና ዳርትመዝን ከመሰሉ ጥቂቶች በስተቀር የውጭ ተማሪ የገንዘብ አቅም ውሳኔው ላይ ይታያል፤ ዌይትሊስት ላይ ደግሞ የድጋፍ በጀቱ ብዙውን ጊዜ አልቆ ነው።

ስለዚህ ሜይ 1 ሳያልፍ ከተቀበላችሁ ኮሌጆች በአንዱ ዲፖዚት (የቦታ ማስያዣ ገንዘብ) ክፈሉ፤ በአንዱ ብቻ። በኋላ ከዌይትሊስት ብትጠሩ ያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ይህን ቤተሰብ አስቀድሞ ይወቅ። ለመክፈል አቅም ከሌለ ዲፖዚቱ እንዲቀር ወይም እንዲዘገይ ቢሮውን መጠየቅ ይቻላል። የውጭ ተማሪ ዲፖዚቱን እንደከፈለ የባንክ ማስረጃውን ፖርታሉ ላይ ጭኖ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን የኮሌጁን ሰነድ) ይጠይቅ፤ 350 ዶላሩ የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ የሚከፈለውም የቪዛ ቀጠሮውም የሚያዘው አይ-20 በእጅ ከገባ በኋላ ነው። በመጨረሻም የተቀባይነቱንና የድጋፉን ደብዳቤ በፒዲኤፍ አውርዳችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ኮሌጁ ወደ ተማሪዎች ሲስተም ሲያዛውራችሁ የአመልካች ፖርታሉ ሊዘጋ ይችላል፤ በቪዛ ቃለ መጠይቅም ሆነ በድጋፍ ክርክር የሚጠየቀው ያው ደብዳቤ ነው።