አትላንታ ወይስ ሞቢል? ስሌቱን ከጣሪያው ጀምሩ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ደወለልኝ። ሦስቱ ክላርክስተን ነው የሚኖሩት፣ አንዱ ስቶን ማውንቴን፤ ሁለቱም የአትላንታ ዳርቻ ናቸው። ጥያቄያቸው እኔ ከአትላንታ ወጥቼ ስለምኖርባት የአላባማ ከተማ ነው፤ "ሞቢል እውነት ርካሽ ነው?" አዎ፣ ርካሽ ነው። እኔም ወደ አትላንታ አልመለስም። ግን ኩሽናውን ከማየታችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ። ይህን የተማርኩት ዘጠኝ ሺህ ዶላር ከፍዬ ነው።

ሥራዬ ትራክ መንዳት ስለሆነ የትም ብኖር ለውጥ የለውም። አትላንታ እያለን ግን ከመንገድ ስመለስ ከተማዋን በሚዞረው 285 አውራ ጎዳና ላይ ቆሜ የማሳልፈው ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ከማሳልፈው አይተናነስም ነበር። ሬንቱ በየዓመቱ ይጨምራል። ቤት እንግዛ ስንል ደግሞ ለእኛ አቅም የሚቀርበው ቤት ሁሉ አንድ ነገር የጎደለው ነው።

"ሳቫና አይሻልም?" የሚሉኝ አሉ። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እሷን ነው። ከአትላንታ አራት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ከጆርጂያም አያስወጣም። ለኮንቴይነር ሥራ ወደቧን የመሰለ የለም። ግን በርካሽነት የምትታወቅበት ዘመን አልፏል። ቱሪስቱ አለ፤ አጠገቧ ኤላቤል ላይ የሀዩንዳይ ፋብሪካ በ2024 መኪና ማምረት ጀምሯል፤ ቤት ፈላጊው ብዙ ነው። ያየናቸው ቤቶች ሞርጌጅ (ወርኃዊ የቤት ብድር ክፍያ) ከአትላንታው ብዙም አልቀነሰም። ለዚያ ብዬ ጓዝ አልጠቀልልም።

ሞቢል ላይ ልቤን ያሸነፈው የቤት ግብሩ ነው። አላባማ ውስጥ የምትኖሩበት ቤት ግብር የሚሰላው በዋጋው 10 በመቶ ላይ ነው፤ ጆርጂያ በ40 በመቶው። ተመኑ ቢለያይም፣ ሞቢል ከተማ ውስጥ ለ200 ሺህ ዶላር ቤት በዓመት ከ1,300 ዶላር በታች ነው የሚመጣው። ታዲያ ሆምስቴድ የሚባለውን፣ ለምትኖሩበት ቤት የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ካላስመዘገባችሁ በ20 በመቶ ይሰላል፤ እጥፍ ማለት ነው። አንድ ወዳጄ "በራሱ ይሆናል" ብሎ ተኝቶ እጥፉን ከፍሏል።

አስቤዛ ላይ ግን ሞቢል ትነክሳለች። ጆርጂያ ምግብ ላይ የስቴት ታክስ የላትም፤ የአካባቢው ብቻ ነው ያለው። አላባማ ታስከፍላለች። በ2023 ከ4 ወደ 3 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ ወደ 2 በመቶ አውርዳዋለች፤ የከተማውና የካውንቲው ግን ላዩ ላይ ይደመራል። ሌላው ዕቃ ድፍን 10 በመቶ ነው። እኛ ቤት ልዩነቱ በወር ሠላሳ ዶላር ገደማ ነው። እችለዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞርጌጁ የቀነሰላችሁን ኢንሹራንሱ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ፍሬድሪክ በ1979፣ ካትሪና በ2005፣ ሳሊ በ2020 በዚህ ዳርቻ አልፈዋል። ኩባንያዎቹም አይረሱም። ለአውሎ ነፋስ ከራሳችሁ የምትከፍሉት ተቀናሽ በመቶኛ ነው። ቤቱ በ200 ሺህ ዶላር ኢንሹር ከሆነና ውሉ 5 በመቶ ካለ፣ የመጀመሪያው 10 ሺህ ዶላር የእናንተ ነው። ጎርፍ ደግሞ የቤት ኢንሹራንስ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ይገዛል። የመንግሥቱን ከገዛችሁ በደንቡ 30 ቀን ይጠበቃል። የማዕበሉ ስም በቴሌቪዥን ሲጠራ መሮጥ ዋጋ የለውም።

እዚህ "ፎርቲፋይድ" የሚባል የጣሪያ ደረጃ አለ። ሺንግሉ (የጣሪያው የላይኛው ልባስ) ከመነጠፉ በፊት የጣውላው መጋጠሚያ በሙሉ ይታሸጋል፤ ሚስማሩም ለስላሳው ሳይሆን ቀለበት ቀለበት ያለው ነው። ነፋስ ሺንግሉን ቢገነጥለው እንኳ ውሃ ቶሎ አይገባም። በአላባማ ሕግ ኢንሹራንሶች ለእንዲህ ዓይነት ቤት ለነፋስ ጉዳት የሚያስከፍሉትን የኢንሹራንስ ክፍያ መቀነስ ግዴታቸው ነው።

የእኛ ቤት ጣሪያ አርጅቶ ስለነበር ኢንሹራንሱ ቀይር አለኝ። አንዱ 13 ሺህ ጠየቀኝ። ሌላው "ልክ እንደ ፎርቲፋይድ አድርጌ በ9 ሺህ እሠራልሃለሁ" አለ። አራት ሺህ ዶላር ማን ይጠላል? በሁለት ቀን ጨረሰው፤ ከመንገድ ሲታይ ያምራል። ኢንሹራንሱ ምስክር ወረቀት አምጣ ሲለኝ ሰውዬው ስልኩን ዘጋ። በኋላ የመጣው ገምጋሚ ከጫፍ አንድ ሺንግል አንስቶ አሳየኝ። ጣውላው መጋጠሚያ ላይ ምንም ነገር የለም፤ ሚስማሩ ለስላሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ሠሪው ያልሆነ ገምጋሚ ሥራው በየደረጃው ፎቶ ሲነሳ አይቶ ነው። ከተሸፈነ በኋላ ማንም አይፈርምላችሁም። አዲሱን ጣሪያ አስነስቼ እንደገና አሠራሁ።

ደግሞ እኮ ስቴቱ እስከ 10 ሺህ ዶላር ድጎማ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ምዝገባው ሲከፈት ቶሎ ይሞላል፤ የሚጠየቀውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ጣሪያ ከጨረስኩ በኋላ ነበር። የአሁኑ የኢንሹራንስ ክፍያዬ ግን ከድሮው በግልጽ ያነሰ ነው።

እርጥበቱንም ሳልነግራችሁ አልለፍ። ሞቢል በአሜሪካ ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በመጀመሪያው ክረምት ባለቤቴ ከሐረር ያስመጣችው መሶብ ውስጡ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። በርበሬው አንድ ላይ ተጋገረ። እርጥበት የሚመጥ ማሽን 200 ዶላር ገደማ ገዛን፤ በየቀኑ አንድ ባልዲ ውሃ እደፋለሁ። መሶቡ ግን አልዳነም።

የአትላንታ ብልጫ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ጥሬ ሥጋው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2023 ጀምሮ አትላንታ ያርፋል። እናቴን ለመቀበል አምስት ሰዓት ነዳሁ፤ ስመለስ ሠላሳ እንጀራ በኩለር ይዤ መጣሁ። እዚህ ሐበሻ በጣት የሚቆጠር ነው። ልጆቻችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ፣ ሽማግሌ ወላጅም አብሯችሁ ካለ፣ እዚያው ሬንት ብትከፍሉ አልፈርድም። ትራክ የምትነዱ ወይም ከቤት የምትሠሩ ከሆነ ግን ምን እንደምትጠብቁ አይገባኝም።

አራተኛው ደዋይ ትናንት ማታ ሊገዛ ያሰበውን ቤት ፎቶ ላከልኝ። ሃያ ሁለት ፎቶ። ግራናይቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የጓሮው ዛፍ ሁሉ አለ። ጣሪያው የታየበት አንድም የለም። "ምስክር ወረቀቱን ጠይቅና መልሰህ ደውልልኝ" አልኩት። እስካሁን አልደወለም።