ታይሮይዴ በዝቶ ክንዴ ላይ የለጠፍኩት የስኳር ሴንሰር

ስኳር በሽታ የለብኝም። ያለብኝ ታይሮይድ ነው፣ ያውም አንገት ላይ ያለው ዕጢ ሆርሞኑን ከልክ በላይ የሚያመርትበት፣ የሚበዛው ዓይነት። ታዲያ ክንድ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ቀን ከሌት እየለካ ወደ ስልክ የሚልክ የስኳር ሴንሰር ምን ያደርግልሻል ብትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የሦስት ወር ስኳሬ 5.3 በመቶ ወጣ። ቆንጆ ቁጥር ነው። ከበላሁ በኋላ የሚሰማኝ ግን ሌላ ነው፤ ውሃ ጥም፣ ድካም፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ረሃብ።

የሦስት ወሩ ምርመራ የሚያየው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። ሴሉ በደህናው ጊዜ ወደ 120 ቀን ይኖራል። ታይሮይድ ሲበዛ ግን ሰውነት ሁሉንም ነገር ያጣድፋል፣ ሴሉም ዕድሜው ሊያጥር ይችላል፣ አዲስ የተተካው ደግሞ ስኳር ለመያዝ ገና ጊዜ ስላላገኘ ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ደም ውስጥ ባለው አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ላይ የተጣበቀው ስኳር ይለካ ብትሉም ያው ነው። እሱም ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ ስለሚፈርስ ፍሩክቶሳሚን የሚባለው ምርመራም ያታልላል። ሴንሰሩ ግን ከፕሮቲን ጋር ጉዳይ የለውም፣ ከቆዳ ሥር ካለው ፈሳሽ ስኳሩን ራሱን ይለካል። የወደድኩትም ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቁርሴን በልቼ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። መስመሩ ሽቅብ ተተኮሰ። 40 ደቂቃ ሳይሞላ 187 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር! ሁለት ሰዓት ሳይሆነው ደግሞ 96 ላይ ወርዶ ቁጭ። ሐኪሜ ግራፉን ሲያዩ ብዙም አልገረማቸውም። ጉበት ኢንሱሊን በቃህ ቢለውም አልሰማ ብሎ ስኳር ይለቃል፣ ምግቡ ቶሎ ይመጠጣል፣ ኢንሱሊኑም ራሱ ከደም ቶሎ ይጠረጋል አሉኝ። ሁሉም ከታይሮይዱ።

አሁን ወደ ሐሜቱ። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር አትመኑት፣ ጣቴን ወግቼ 121 ሳገኝ እሱ 88 ይለኝ ነበር። ክንዳችሁ ላይ ከተኛችሁበት ደግሞ ሌሊት ስኳርሽ ወረደ ብሎ ይጮሃል። እኔን ከእንቅልፌ ቀስቅሶ 58 አለኝ፣ በጣቴ 93 ነበርኩ። ሆኖም ማንቂያውን አላጠፋሁትም፤ ለልብ ምቴ የምወስደው ፕሮፕራኖሎል ስኳር በእውነት ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጥና የልብ ትርታ ይደብቃልና።

ትልቁ ችግር ማጣበቂያው ነው። 14 ቀን ይቆያል የተባለው በ11ኛው ቀን ጫፉ ተላጦ ልብሴ ላይ ተንጠለጠለ። ለድርጅቱ ብጽፍ «ቆዳዎን ደረቅ አድርገው ይያዙ» አሉኝ። ታይሮይዱ በዝቶበት ቀን ከሌት በላብ ለሚጠመቅ ሰው! ከላዩ የሚለጠፍ ፕላስተር አብራችሁ ግዙ።

ሆርሞናችሁ ከተስተካከለ ከቆየ ግን አያስፈልጋችሁም፣ ተራው ምርመራ ይበቃል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የበላው ማጣበቂያው ነው። እኔ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ ሜቲማዞሉን፣ ከጀመርኩ ገና አምስት ሳምንቴ ነው። ሆርሞኔ ልክ ሲገባ ሁለተኛውን ለጥፌ ያንኑ ቁርስ እደግመዋለሁ።