ሰማያዊ ኦርኪድ ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እናቴን ደስ ላሰኛት ብዬ እዚህ ሜሪላንድ ካለ አንድ ሱቅ ሰማያዊ ኦርኪድ በ35 ዶላር ገዛሁላት። አጠገቡ የተደረደሩት ነጮች 18 ዶላር ነበሩ፤ ዓይኔ ግን ከሰማያዊው አልነቀል አለ። እናቴም ለመጣ እንግዳ ሁሉ ስታሳይ ከረመች። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ረገፈ።

ዘንድሮ አዲስ ዘንግ አውጥቶ ሲፈነዳ ደወለችልኝ። «አንቺ፣ አበባዬን ማን ነው የቀየረብኝ?» ሄጄ ባየው እንደ አዲስ ነጠላ ነጭ ሆኗል። ቁልፍ የሰጠቻትን ጎረቤቷን እስከ መጠርጠር ደርሳ ነበር።

ለካ ሰማያዊው የመርፌ ሥራ ነው። ይህ በሱቅ የሚሸጠው ፋላኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ዘመዶቹ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ደኖች ዛፍ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ናቸው፤ እንዲህ የእስክሪብቶ ቀለም የመሰለ ሰማያዊ ግን አያወጣም። ነጩ ሊያብብ ሲል ዘንጉን ይበሱና ማቅለሚያ ያስገቡበታል፤ ተክሉም ከውሃው ጋር ስቦ እስከ አበባው ያደርሰዋል። ቀጥሎ የሚመጣው አበባ ነጭ ነው።

ሱቁ ተመልሼ ስጠይቅ ሻጩ ምንም ሳያፍር ከመደርደሪያው አንዱን አንስቶ የመለያ ወረቀቱን ገልብጦ አሳየኝ። አዲሶቹ አበቦች ነጭ እንደሚሆኑ በጉንዳን ፊደል ተጽፎበታል። አልዋሹም ማለት ነው፤ እኔ ግን 17 ዶላር ለመርፌ ከፈልኩ። አውቆ ለአንድ ድግስ የሚገዛ ይግዛ፣ አልከለክልም። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ዘንጉን ከሥሩ ጀምራችሁ ተመልከቱ፤ በሰም የተደፈነ ቀዳዳ ወይም የፈሰሰ ቀለም ካያችሁ ተቀብቷል። በአበባው ላይ ያሉት ደም ሥር የሚመስሉ መስመሮች ከቀረው ክፍል ጠቁረው መታየታቸውም ያጋልጠዋል።

ከዚህ የባሰው በኢንተርኔት የሚሸጠው «የሰማያዊ ኦርኪድ ዘር» ነው። አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ ማስታወቂያውን ላከችልኝ፤ በፎቶግራፉ ላይ ዘሩ ምስር ያክላል። የኦርኪድ ዘር እኮ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው! የራሱ ስንቅ ስለሌለው በደን ውስጥ የሚበቅለው ፈንገስ እየመገበው ሲሆን፣ አምራቾችም በቤተ ሙከራ፣ በጠርሙስ ውስጥ ነው የሚያበቅሉት። አፈር ላይ ቢበትኑት ከንቱ ድካም ነው። ማቅለሚያ ደግሞ በዘር አይተላለፍም። ይህን ሁሉ ጽፌ እንዳታዝዝ ብላት ለካ ገንዘቡን ልካ ጨርሳለች።