የሲ.ዲ.ቢ.ጂ. ግራንት ግምገማ፦ ማኅበሮች ገንዘቡን የሚያጡት ካሸነፉ በኋላ ነው

አሜሪካ ውስጥ ከተማ ለማኅበር ገንዘብ የሚሰጥባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ደንባቸው በዝርዝር ተጽፎ ማንም ሊያነበው ከሚችላቸው አንዱ ሲ.ዲ.ቢ.ጂ. የሚባለው የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡ ሃድ ከሚባለው የፌዴራል የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ይነሣና በከተማው አስተዳደር በኩል ያልፋል፤ ከተማው ከፊሉን ለአረጋውያን ምሳ፣ ለልጆች ጥናት፣ ለቋንቋ ትምህርት፣ ለሥራ ፍለጋና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች ለማኅበሮች ያከፋፍላል። እዚህ የምንገመግመው ይህን የማኅበሮች ድርሻ ነው፤ ማመልከቻው ከሚከፈትበት ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ክፍያ እስኪገባ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ የሠራ፣ ሒሳቡን በየወሩ የሚዘጋና የአራት ወር ወጪ የሚችል ተቀማጭ ያለው ማኅበር ቢያመለክት ይጠቀማል። ገና በመቋቋም ላይ ላለ፣ ሒሳቡ በአንድ ሰው ስልክና ማስታወሻ ደብተር ላይ ላለ ማኅበር ግን አይሆንም። ምክንያቱ ውድድሩ መክበዱ አይደለም። ይህ ግራንት በአብዛኛው ከተማ መጀመሪያ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ በኋላ የምታስመልሱት ገንዘብ ነው፤ ማስመለሱ ደግሞ ወረቀት ይጠይቃል።

ከገንዳው፣ ማለትም ለማኅበሮች ከሚከፋፈለው ጠቅላላ ገንዘብ፣ ስፋት እንጀምር። ድርሻቸውን ከሃድ በቀጥታ የሚያገኙት የሜትሮፖሊታን አካባቢ ዋና ከተሞች፣ 50,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ሌሎች የሜትሮ ከተሞች፣ እንዲሁም ትልልቅ ካውንቲዎች ናቸው። መጠኑ በቀመር ይወጣል፤ ድህነት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የቤት መጨናነቅ፣ የቤቶች ዕድሜ ይገባበታል። ከተማው ከሚደርሰው ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት ማዋል የሚችለው ከ15 በመቶ አይበልጥም፤ ለራሱ አስተዳደርና ዕቅድ ደግሞ እስከ 20 በመቶ። የቀረው ለመኖሪያ ቤት እድሳት፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለማኅበረሰብ ማዕከላትና ለመሳሰለው ነው። ስለዚህ ከተማችሁ 1,000,000 ዶላር ቢያገኝ፣ የአገልግሎት ማኅበሮች ሁሉ የሚሻሙት 150,000 ዶላር ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ትልቁን ቁጥር አይታችሁ በጀት አትሥሩ። 15 በመቶውን አስሉ፣ ያለፈው ዓመት አሸናፊዎች ስንት እንደነበሩ ከከተማው የዓመት ዕቅድ ላይ ቁጠሩ፣ አካፍሉ። ለማመልከት ወይም ለመተው በቂ መረጃ የምታገኙት ከዚህች ስሌት ነው።

በአሠራሩ ውስጥ በጣም የምንነቅፈው ነገርም እዚሁ ላይ ነው። አንዳንድ የከተማ ምክር ቤቶች ማንንም ላለማስቀየም ብለው ገንዳውን በጥቂት በጥቂቱ ይበትኑታል፤ ለአንዱ 4,000፣ ለሌላው 6,000። የ4,000 ዶላር ውልና የ40,000 ዶላር ውል ግን የሚጠይቁት ወረቀት ያው ነው፦ አራት የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ የእያንዳንዱ ተገልጋይ የገቢ ማስረጃ፣ የኢንሹራንስ ምስክር ወረቀት፣ የክትትል ጉብኝት። በእኛ ግምት ከ10,000 ዶላር በታች የሆነ ሽልማት ለማኅበሩ የሚያስገባውን ያህል ጊዜ ይበላዋል። ዝቅተኛ የሽልማት መጠን አስቀድሞ በመመሪያው የሚወስን ከተማ ማኅበሮችን ያከብራል። ማስታወቂያው ላይ ዝቅተኛው መጠን ካልተጻፈ፣ በመረጃ መስጫው ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ማን ነው የሚጠቀመው የሚለው ነው። ከተማው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለ ጊዜ ውስጥ ከሚያወጣው ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መጥቀም አለበት፤ መለኪያው የአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ ነው፣ ሃድ በየዓመቱ በቤተሰብ ብዛት ከፋፍሎ ያወጣዋል። የአገልግሎት ማኅበር ይህን የሚያሟላው በተለይ በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ከተገልጋዮቹ ቢያንስ 51 በመቶ ከዚያ ገቢ በታች መሆናቸውን በቅጽ ማሳየት። ሁለተኛው፣ ደንቡ ራሱ ችግረኛ ናቸው ብሎ ከቆጠራቸው ወገኖች አንዱን ብቻ ማገልገል፦ አረጋውያን፣ ቤት አልባዎች፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው አዋቂዎች፣ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆችና የትዳር ጓደኞች፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎች፣ ከኤድስ ጋር የሚኖሩና ተዘዋዋሪ የእርሻ ሠራተኞች። ሦስተኛው፣ ነዋሪዎቹ ቢያንስ 51 በመቶ በዚያ ገቢ ውስጥ የሆኑበትን ሰፈር በሙሉ ማገልገል።

ምርጫ ካላችሁ ሁለተኛውን ያዙ። የአረጋውያን ፕሮግራም የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ከመጠየቅ ይድናል፤ የዕድሜ ማስረጃ ይበቃል። የመጀመሪያውን የምትይዙ ከሆነ ቅጹ ላይ ሁለት ነገር ሳይጎድል ይሞላ፦ የቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢና የቤተሰቡ ብዛት። ገቢው ተጽፎ ብዛቱ ባዶ የሆነ ቅጽ ዋጋ የለውም፤ የሃድ ሠንጠረዥ የሚነበበው በብዛት ነውና። ሌላው የሚደጋገም ስህተት ቆጠራ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት የተመዘገበች እናት በሁለተኛውም ብትመጣ፣ በዓመቱ ድምር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትቆጠረው። በየሩብ ዓመቱ እንደ አዲስ የሚቆጥር ማኅበር 200 ሰው አገለገልኩ ይልና በጉብኝት ጊዜ ፋይሉ 70 ሆኖ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቀን መለያ ቁጥር መስጠት ይህን ይፈታዋል።

አገልግሎቱ «አዲስ ወይም ተለክቶ የጨመረ» መሆን አለበት የሚለው አንቀጽ ብዙ ማኅበሮችን ያለ ምክንያት ያስፈራቸዋል። ደንቡ የሚያየው ከተማው ራሱ፣ በራሱ ወይም ከስቴት ባገኘው ገንዘብ፣ ባለፉት 12 ወራት ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት ነው፤ ከተማው የራሱን በጀት ቀንሶ በፌዴራል ገንዘብ እንዳይተካ ነው የታሰበው። በምእመናን መዋጮ ወይም በግል ለጋሽ ስታስኬዱት የቆያችሁትን ትምህርት በዚህ ግራንት ለማስፋት ይህ አንቀጽ አይከለክላችሁም። ይህን ሳያውቁ የሠሩትን ሥራ ደብቀው «አዲስ ፕሮግራም» የሚጽፉ አሉ፤ ልምዳቸውን በገዛ እጃቸው ይሰርዛሉ፣ ነጥብም ያጣሉ።

የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ የሚጠቀሙ ማኅበሮች ማመልከት ይችላሉ። አምልኮና የሃይማኖት ትምህርት በግራንቱ አይከፈልም፣ በጊዜ ወይም በቦታ መለየት አለበት፤ ተገልጋይም በሃይማኖቱ አይመለስም። በዘርና በትውልድ አገርም እንዲሁ። በአማርኛ ማስተማር ይቻላል፤ «ለአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ» ብሎ በር መዝጋት ግን አይቻልም። አገልግሎቱ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ማመልከቻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር በግልጽ ጻፉት።

ማመልከቻው የሚከፈተው በአብዛኛው የፕሮግራሙ ዓመት ከመጀመሩ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር በፊት ነው። ጁላይ 1 የሚጀምር ከተማ ከሆነ ከኦክቶበር ጀምሮ ጠብቁ። ከዚያ ገምጋሚ ኮሚቴ ነጥብ ይሰጣል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል፣ የዓመቱ ዕቅድ ለ30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል፤ ከተማው በዓመት ቢያንስ ሁለት የሕዝብ ስብሰባ የማካሄድ ግዴታ አለበት። ኮሚቴው ያቀረበው ዝርዝር በምክር ቤቱ ሊለወጥ ስለሚችል በስብሰባው ላይ ተገልጋዮቻችሁን ይዛችሁ መገኘት ዋጋ አለው። ዩ.ኢ.አይ. የሚባለውን መለያ ቁጥር ከፌዴራሉ የሳም ድረ ገጽ አስቀድማችሁ አውጡ። ነጻ ነው፤ ገንዘቡን በከተማው በኩል የምታገኙ ንዑስ ተቀባይ ስለሆናችሁ ቁጥሩ ብቻ ይበቃችኋል፣ ሙሉ ምዝገባ አያስፈልግም፣ ገንዘብ ለሚጠይቅ «አስመዝጋቢ»ም አትክፈሉ። የሚያዘገየው የስምና የአድራሻ አለመግጠም ነው፦ በስቴቱ ምዝገባ ላይ ያለው ስምና ሳም ላይ የምትሞሉት ስም ከነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አንድ ይሁን።

በጀት ላይ ማኅበሮች ራሳቸውን ይጎዳሉ። ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደራደሩት የተዘዋዋሪ ወጪ ምጣኔ (ለቢሮ፣ ለሒሳብ ሥራና ለመሳሰለው የጋራ ወጪ የሚታሰብ መቶኛ) የሌላቸው ድርጅቶች ከቀጥታ ወጪያቸው እስከ 15 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ መጠየቅ ይችላሉ። ቀድሞ 10 በመቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ነው የጨመረው። ስሌቱ ኪራይንና መሣሪያን አይጨምርም። ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ከተማ ሌላ ሕግ ካላስገደደው በቀር ከዚህ ዝቅ ያለ ምጣኔ ተቀበሉ ሊላችሁ አይችልም። ስለዚህ የ30,000 ዶላር ደመወዝና ቁሳቁስ ያለው ፕሮግራም 4,500 ዶላር ለሒሳብ ሠራተኛና ለቢሮ መጨመር መብቱ ነው፤ አፍሮ ዜሮ መጻፍ ትሕትና አይደለም፣ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ግራንቱ 36,000 ዶላር ነው እንበል፤ በወር 3,000 ታወጣላችሁ። ከተማው ጥያቄ የሚቀበለው በየሩብ ዓመቱ ከሆነ ሦስት ወር ከፍላችሁ 9,000 ትጠይቃላችሁ። ደንቡ የክፍያ ጥያቄ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል ይላል፤ በዚያ ወር ሌላ 3,000 ወጥቷል። ሁሉ በሰዓቱ ቢሄድ እንኳ 12,000 ዶላር የእናንተ ገንዘብ ውጭ ነው። አንድ ጥያቄ በስህተት ከተመለሰ ቀኑ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በየሩብ ዓመቱ ፈንታ በየወሩ ማስመለስ ይቻላል ወይ? ቅድመ ክፍያስ? የፌዴራሉ ደንብ ቅድመ ክፍያን ይፈቅዳል፤ ብዙ ከተሞች ግን ካልተጠየቁ አያነሡትም። በየወሩ የሚከፍል ከተማ ከእኛ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል። ሌላው አደጋ ውሉ የሚዘገይበት ነው። ኮንግረስ በጀቱን ሲያዘገይ የከተማው ውልም ይዘገያል፤ ጁላይ መድረሱን አይተው ሠራተኛ የቀጠሩ ማኅበሮች ከውሉ መነሻ ቀን በፊት ያወጡትን አያስመልሱም። መነሻ ቀኑን በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ሳንቲም አታውጡ።

ጥያቄዎች የሚመለሱት በታወቁ ምክንያቶች ነው። ከሁሉ የበዛው ታይም ሺት፣ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያው ቅጽ፣ ነው፦ አስተባባሪዋ ግማሽ ጊዜዋን ለዚህ ፕሮግራም ትሠራለች ተብሎ በየሳምንቱ 20 ሰዓት እየተገለበጠ ይቀርባል። ደንቡ የሚፈልገው በትክክል የተሠራውን ሰዓት ነው፤ አንዱ ሳምንት 17፣ ሌላው 23 ሆኖ በሠራተኛዋና በአለቃዋ የተፈረመ ወረቀት ይበልጥ ያሳምናል። ቀጥሎ በቦርድ አባል ስም የተቆረጠ ደረሰኝ፣ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ኪራይ፣ ከፔይሮሉ ጋር የማይገጥም የባንክ መግለጫ ይመጣል። የቦርድ አባል ወይም የቤተሰቡ ከሆነ ሕንጻ መከራየት የጥቅም ግጭት ነው፤ ነገሩን ለከተማው አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅና መልሱን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሦስት ፋይል በቂ ነው፦ ተገልጋይ፣ ደመወዝ፣ ግዥ። እያንዳንዱ ወረቀት በወሩ ይግባ።

ኦዲትን በተመለከተ፣ ሙሉው የፌዴራል ኦዲት የሚያስፈልገው በዓመት ከሁሉም ምንጭ 1,000,000 ዶላር የፌዴራል ገንዘብ ለሚያወጣ ነው፤ ለትንሽ ማኅበር አያሰጋም። አንዳንድ ከተሞች ግን በራሳቸው መመሪያ በሒሳብ ባለሙያ የታየ መግለጫ ስለሚጠይቁ የእሱን ዋጋ በጀት ውስጥ አስቡት።

ጥቂቶች ብቻ የሚጠቀሙበት አንድ በር አለ። ከተማው የፕሮግራሙ ዓመት ሊያልቅ 60 ቀን ሲቀረው ያልወጣ ገንዘቡ ከዓመታዊ ድርሻው አንድ ተኩል እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ ሃድ የሚቀጥለውን ሊቀንስበት ይችላል። ወደዚያ መስመር የቀረበ ከተማ ቶሎ የሚወጣ ሥራ ይፈልጋል። አገልግሎቱ በ15 በመቶ ስለተገደበ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ግንባታ ነው፦ የማዕከሉ ጣሪያ፣ የዊልቸር መወጣጫ፣ የወጥ ቤት እድሳት። ፕላኑና የዋጋ ግምቱ ተዘጋጅቶ መሳቢያ ውስጥ ያለው ማኅበር ያኔ ይደውላል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቅ። ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነ የግንባታ ውል በፌዴራል የተወሰነውን የሠራተኛ ደመወዝ ያስከፍላል፤ የኮንትራክተሩ ዋጋ ይህን ያካተተ ይሁን። ከተማው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን ጨርሶ በጽሑፍ እስኪያሳውቅ ድረስም ከኮንትራክተር ጋር መፈራረም አይቻልም፤ በማኅበሩ በራሱ ገንዘብ እንኳ ቢሆን።