ዊንዶውስ 11 ባገለገለ ላፕቶፕ ላይ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ ካበቃ ወዲህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ጥገና ቤት የሚቀርበው ጥያቄ «11 ይሸከምልኛል?» የሚል ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፎርማት እናድርገው» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ችኩል ነው። ዊንዶውስ 11 በሚመጥነው ማሽን ላይ ጥሩ ሲስተም ነው። ስሙን የሚያጠፋው አጫጫኑ ነው።

መሸከም አለመሸከሙን የሚወስነው መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ነው። ማይክሮሶፍት የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን፣ ከኤኤምዲ ደግሞ በአብዛኛው ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያለውን ነው። ያገለገለ ተብለው ከሚሸጡት መካከል ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ጂ4 ቢበዛ 7ኛ ነው። ሁለቱም ከመስመሩ ውጭ ናቸው። አሳሳቾቹ ጂ5 እና ሌኖቮ ቲ480 ናቸው፤ አብዛኞቹ 8ኛ ይሁኑ እንጂ 7ኛ ይዘው የወጡም አሉ። ስለዚህ ሻጩ የነገራችሁን ትታችሁ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ግቡና ከአይ5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ፦ 7300 ካለ 7ኛ፣ 8250 ወይም 8350 ካለ 8ኛ ነው።

ፕሮሰሰሩ አልፎ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ «ቲፒኤም 2.0 የለም» ከተባለ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ግን ጠፍቷል። ማሽኑ ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ተጭናችሁ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ሴቲንግ) ግቡና ሴኪዩሪቲ ስር ቲፒኤም ወይም ፒቲቲ (የኢንቴሉ ቲፒኤም) የሚለውን አብሩት። ቡቱ (የማሽኑ አነሳስ) ሌጋሲ በሚባለው የድሮ ዘዴ ላይ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ ወደ አዲሱ ዩኢኤፍአይ አትቀይሩት። ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አከፋፈል የተከፈለ ስለሆነ ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል። መጀመሪያ ከዊንዶውስ 10 ጋር በሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የሚባል መሣሪያ የዲስኩን አከፋፈል ወደ ጂፒቲ ቀይሩ፣ ባዮሱ ከዚያ በኋላ ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከበራም ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ለጊዜው አቁሙት፤ አለዚያ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል፣ ቁልፉ ያለው ደግሞ የላፕቶፑ የቀድሞ ባለቤት ጋ ሊሆን ይችላል።

መስፈርቱ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ዲስክ ይላል። ይጫናል፣ አያሠራም። በተለይ በሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ታስክ ማናጀርን ብትከፍቱ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ለፎርማት የምትከፍሉትን ገንዘብ ለ256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) መጀመሪያ አድርጉት፤ ራሙንም ቢያንስ 8 አድርሱት።

አሁን አጫጫኑ። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ለማለፍ ፎርማት አያስፈልግም፣ ክፍያም የለውም። ከማይክሮሶፍት ገጽ የሚወርደው የአይኤስኦ ፋይል (ሙሉው መጫኛ) ከ5 ጊጋ በላይ ነው። አንዱ ካወረደው ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለ ፍላሹ ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርጉት። ከዚያ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ገልብጣችሁ ሁለቴ ክሊክ አድርጉና ሴትአፕን አስነሱ። መጀመሪያ ላይ ዝማኔ ላውርድ ወይ ሲላችሁ «አሁን አይደለም» የሚለውን ምረጡ፣ የሞባይል ጥቅላችሁ ይተርፋል። ቀጥሎ ፋይልና ፕሮግራም ሁሉ ይቀመጥ የሚለውን ምረጡ። ይህ ምርጫ ደብዝዞ አልነካም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቋንቋው ነው፦ ያለው ዊንዶውስ በአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ ፋይሉ በእንግሊዝ እንግሊዝኛ ሲሆን አይገጥሙም።

ሲ ድራይቭ ላይ 25 ጊጋ ያህል ክፍት ቦታ ይኑራችሁ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የማያስተማምን ቀን አትጀምሩ። ዊንዶውሱ መሃል ላይ ቢቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 ይመለሳል፤ የባዮስ ዝማኔ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ማዘርቦርዱን ልታጡት ትችላላችሁ። አዲሱ ካልጣማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ወደኋላ መመለስ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ ዊንዶውስ ኦልድ የሚለውን ፎልደር አታጥፉ፤ መመለሻው እሱ ነው።

ፎርማት የግድ ከሆነ፣ ክራክ አታስጭኑ። ከድርጅት የወጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፍቃዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጡት፤ ትክክለኛው እትም ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። በነጻ ያለውን ነገር በቫይረስ መክፈል ምን ይባላል? ዋይፋይ አላይም ካለ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኔቱን አጋሩት፣ ድራይቨሩን ራሱ ያወርዳል። 11ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ባሉ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሴትአፑ ዲስኩን አላየሁም ሊል ይችላል፤ ዲስኩ ተበላሽቶ ሳይሆን ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል የዲስክ አስተዳደር ስለበራ ነው።

የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤቶች ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፊደላት የተጻፈ ማመልከቻና ውል ፎንቱ ከጠፋ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ከፎርማት በፊት የፎንትስ ፎልደሩን ገልብጡ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንትም ከአዲስ ጭነት ጋር በቀጥታ አይመጣም፤ ከኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን መጫን ይፈልጋል። እስኪጫን ድረስ ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይታይና የገጹ አሰላለፍ ይፈርሳል። ፒችትሪ የሚጠቀም ሂሳብ ሠራተኛም ባክአፑን ከፕሮግራሙ አውጥቶ፣ መጫኛውና የመለያ ቁጥሩ እጁ ላይ መኖራቸውን አረጋግጦ ይጀምር።

6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን ለያዙት፦ ሩፈስ በሚባለው የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም መስፈርቱን ዘሎ መጫን ይቻላል፣ ይሠራልም። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለእነዚህ ማሽኖች ዝማኔ ለመስጠት ግዴታ የለበትም፤ የየዓመቱን ትልቁን እትምም በእጅ ማስገባት ግድ ይላል። ለሥራ ማሽን አንመክረውም። የተሻለው 10 ላይ ቆይቶ የተራዘመውን የደህንነት ዝማኔ መውሰድ ነው፤ ለግል ተጠቃሚ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንግ ባክአፕ ለሚያበራ በነጻ፣ አለዚያ በ30 ዶላር፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። መመዝገቢያው ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ነው፤ የሚታየው 22ኤች2 እትም ላይ ላለ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት 22 አለ። ፋይሉ 3 ጊጋ አካባቢ ነው፣ ድጋፉ በፈረንጆቹ እስከ 2029 ነው፣ 4 ጊጋ ራም ላለውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው እትም ይቀላል። ለተማሪና ለኢንተርኔት ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ አማርኛም አይባስ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ሴራ የሚባለውን አጻጻፍ ጭኖ ይጻፋል። ፒችትሪ ላለበት ቢሮ ግን አይሆንም። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ማተሚያ ያላችሁ፣ መጀመሪያ የምትሰኩት ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ተጨማሪ ፕለጊን ሳያወርድ አያትምም።